ጥርስን የሚያበሰብሱ ጀርሞች እንዴት ይመካከራሉ?

ሕፃን ልጅ ጥርሱን ሲያመው በየቤቱ የሚሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ «ትል በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ጣፋጭ አብዝቶ ነው» ይላል። መፍትሔውም እንደዚሁ የታወቀ ነው። ለጊዜው ሕመሙን የሚያስታግስ ኪኒን ይሰጠውና «የወተት ጥርስ ስለሆነ ይነቀላል» ተብሎ ነገሩ ይታለፋል።

በመሠረቱ በጥርስ ውስጥ ትል የለም። ጣፋጭ ነገር ጥርስን ይጎዳል የሚለው እውነት ቢሆንም፣ እርሱም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። ስኳር ብቻውን ጥርስን አይቦረቡርም። ጥርስን የሚቦረቡረው በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ጀርሞች ከስኳር የሚያመርቱት አሲድ ነው። እነዚህ ጀርሞች ደግሞ እንዲያው በዘፈቀደ የሚኖሩ አይደሉም። ምግብ መኖር አለመኖሩን ይመዝናሉ፤ ቁጥራቸው መብዛት አለመብዛቱን ይለካሉ፤ እንደ ሁኔታው መራባታቸውን ያፋጥናሉ ወይም ይገታሉ። ይህንንም የሚያደርጉት መልእክት በሚያደርሱ ጥቃቅን ኬሚካሎች አማካይነት ነው።

ጉዳዩ የሳይንስ ሊቃውንት ብቻ ነው ብለን እንዳንተወው የሚያደርግ ምክንያት አለ። የጀርሞቹን ጠባይ ያወቀች እናት፣ ልጇ ስኳር የሚቀምስበትን ሰዓትና ጥርሱ የሚጸዳበትን ጊዜ በዚያው መሠረት ልታቅድ ትችላለች። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን መጀመሪያ ጀርሞቹን፣ ቀጥሎም መልእክቶቻቸውን፣ በመጨረሻም በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከትል ወደ ጀርም

በአፍ ውስጥ ጀርም መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አይቶ የጻፈው የሆላንድ ተወላጅ የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። ይህ ሰው ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር ሲመለከት፣ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ሕያዋን ነገሮች ሲርመሰመሱ አየ። ያየውንም በ1683 ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ ገለጸ።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ በ1890፣ በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዊሎቢ ሚለር ስለ አፍ ጀርሞች መጽሐፍ አሳተመ። ጀርሞች የምግብ ትርፍራፊን ወደ አሲድ እንደሚለውጡና አሲዱም ጥርስን እንደሚያሟሟ አስረዳ። በ1924 ደግሞ ኪሊያን ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከተቦረቦሩ ጥርሶች ውስጥ አንድ ጀርም ለይቶ አወጣና ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ብሎ ሰየመው። ዛሬ ጥርስን በማበስበስ ረገድ ከዋነኞቹ ተጠያቂዎች አንዱ ይኸው ጀርም መሆኑ የታወቀ ነው።

ሆኖም አፋችን የሚውታንስ ብቻ መኖሪያ አይደለም። በሰው አፍ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ የባክቴሪያ ዓይነቶች ከ700 በላይ እንደሆኑ ይገመታል። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ ጠቃሚ የሆኑም አሉ። ለምሳሌ ያህል ስትሬፕቶኮከስ ሳንጉዊኒስ የሚባለው ጀርም ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ በማመንጨት የሚውታንስን መስፋፋት ይገታል። ሌሎችም አሲድን የሚያለዝብ ነገር ይሠራሉ። እንግዲህ በጤነኛ አፍ ውስጥ ደጉና ክፉው ተመዛዝነው ይኖራሉ ማለት ነው። የጥርስ መበስበስ የሚጀምረው ይህ ሚዛን ሲዛባ ነው፤ ሚዛኑን በይበልጥ የሚያዛባው ደግሞ ስኳር በተደጋጋሚ መምጣቱ ነው።

ስኳር ወደ አፍ በገባ ጊዜ

ሚውታንስ ስኳርን በሁለት መንገድ ይጠቀምበታል። በመጀመሪያ ከተራው የሻይ ስኳር ሙጫ የመሰለ የሚያጣብቅ ነገር ይሠራል። በዚህ ሙጫ ራሱን ከጥርሱ ጋር ያጣብቃል፤ ሌሎች ጀርሞችንም አብሮ ይይዛል። ጧት ከእንቅልፋችን ስንነሣ ምላሳችንን በጥርሳችን ላይ ብናሳልፍ የሚሰማን ያ ሙልጭልጭ ሽፋን የጀርሞች መንደር ነው። ሁለተኛ፣ ስኳሩን ለኃይል ምንጭነት ሲሰባብረው ላክቲክ አሲድ ያስወጣል። ላክቲክ አሲድ ማለት ወተት ሲረጋ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው።

የአንድ ነገር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ እያነሰ በሄደ መጠን ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። የምራቅ መጠን ወደ 7 ይጠጋል። በጥርስ ላይ ያለው መጠን ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ፣ ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ጠንካራ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። በ1940ዎቹ ሮበርት ስቴፈን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህንን በሰዎች ጥርስ ላይ ለክቶ ነበር። አፍ በስኳር ውሃ ከተጉመጠመጠ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኮምጣጣነቱ በጣም ከፍ አለ፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ኮምጣጣውን የሚያለዝበውና ለጥርሱም ማዕድን የሚመልሰው ምራቅ ነው።

እናቶች እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልብ እንዲሉልን እንሻለን። አንድ ልጅ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ ከቁርሱ ጋር በአንድ ጊዜ ቢጠጣ፣ ጥርሱ በአሲድ የሚጠቃው አንድ ጊዜ ነው። ያንኑ ሻይ በጡጦ ተሞልቶለት ከጧት እስከ ቀትር ስድስት ጊዜ እያረፈ ቢጎነጨው ግን ጥርሱ ስድስት ጊዜ ይጠቃል። እያንዳንዱን ግማሽ ሰዓት ብቻ ብንለው እንኳ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ስኳሩ ያው ሁለት ማንኪያ ነው፤ ጉዳቱ ግን አንድ አይደለም። ከሌሎች ጀርሞች ይልቅ አሲድን የሚችለው ሚውታንስ በመሆኑም፣ አፉ ኮምጥጦ በቆየ ቁጥር ደጎቹ እየተዳከሙ እርሱ ቦታቸውን ይይዛል።

የረኃብ መልእክት

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ በሁለት ምግብ መካከል ስኳር ሲታጣ ጀርሙ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። መልሱ የተጀመረው ከአፍ ጀርሞች ሳይሆን በአንጀት ውስጥ ከሚኖር ኤሸሪሺያ ኮላይ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። በ1969 ማይክል ካሸልና ጆናታን ጋላንት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ባክቴሪያ የሚያስፈልገውን ምግብ ከልክለው ሲመረምሩት፣ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ሁለት ነጥቦች በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ታዩ። ምንነታቸው ስላልታወቀ «አስማተኛ ነጥቦች» የሚል ስም ወጣላቸው። በኋላ ሲጣራ ባክቴሪያው ሲራብ በውስጡ የሚሠራቸው የረኃብ መልእክተኞች ሆነው ተገኙ።

ይኸው ዓይነት መልእክተኛ በሚውታንስም ውስጥ አለ። ምግብ ሲጠፋ በጀርሙ ሰውነት ውስጥ ይበዛና «ጊዜው የችግር ነውና ቁጠባ ይደረግ» እንደ ማለት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጀርሙ አዲስ ፕሮቲን የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች ማምረቱን ይቀንሳል፤ መራባቱን ይገታል፤ ያለችውን ጥሪት ለመቆያ ያውላታል። በጥጋብ ጊዜ ያጠራቀመው የስኳር ስንቅ ካለም ቀስ በቀስ ያንን ይበላል። ስኳር ሲመጣ ደግሞ መልእክቱ ይቀንስና ጀርሙ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ከዚህ ሌላ በ2008 የጀርመን ተመራማሪዎች የገለጹት፣ ከሁለት ቁራጮች በቀለበት መልክ የተገጣጠመ ሌላ መልእክተኛ አለ። እርሱም በሚውታንስ ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ ወደ ጀርሙ የሚገባውን የፖታስየም መጠን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው። ጀርሙ በጥርስ ላይ ሽፋን በመሥራቱ ሥራም ድርሻ አለው። በአጭሩ ለመናገር፣ በዓይን የማትታየው ይህች ፍጥረት የምግቡን፣ የአሲዱንና የጨዉን ሁኔታ እየተከታተለች የምትኖር ናት።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በምግብና በምግብ መካከል ያለው ባዶ ጊዜ ከንቱ ጊዜ አይደለም። ጀርሙ ቀዝቅዞ የሚቀመጥበት፣ ምራቅም ጥርሱን የሚጠግንበት ጊዜ ነው። በየሰዓቱ ለልጁ ከረሜላ የሚሰጥ ሰው ይህን ዕረፍት ይነሣዋል። ሁለተኛ፣ ረኃብ ጀርሙን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አይገድለውም። እንዲያውም ተቆጥቦ መኖርን የሚያውቅ ስለሆነ ችግሩን አሳልፎ ስኳር ይጠብቃል። ስለሆነም ስኳር መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ ጀርሙን ከጥርሱ ላይ ማስለቀቅ ያስፈልጋል።

የጀርሞች ምልዓተ ጉባኤ

ስለ እድር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ምልዓተ ጉባኤ ምን እንደሆነ ያውቃል። የአባላቱ ቁጥር ካልሞላ ውሳኔ አይተላለፍም፤ ሲሞላ ግን ሁሉም በአንድነት ይነሣል። ጀርሞችም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት አላቸው።

ይህንንም ቀድመው የተረዱት በባሕር ውስጥ በሚኖሩ ብርሃን ሰጪ ባክቴሪያዎች ላይ ይሠሩ የነበሩ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ሥራቸው በ1970 ታትሟል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ጥቂት ሲሆኑ አይበሩም፤ ሲበዙ ግን በአንድ ጊዜ ያበራሉ። ምክንያቱም እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ኬሚካል ወደ ውጭ ስለሚለቁ ነው። ቁጥራቸው ሲበዛ ኬሚካሉም ይጠራቀማል፤ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ «በዝተናል፤ ሥራ እንጀምር» የሚል ጥሪ ይሆናል።

የሚውታንስ ጥሪ ከአሚኖ አሲዶች የተቀጣጠለ አጭር የፕሮቲን ገመድ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ 21 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ ከጀርሙ ውጭ ሦስቱ ሲቆረጡለት 18 ይቀሩትና ሥራውን ይጀምራል። በጥርስ ላይ ባለው ጥቅጥቅ ሽፋን ውስጥ ጀርሞቹ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ ጥሪው በቀላሉ ይደርሳቸዋል። ጥሪው ሲደርሳቸው የተለያዩ ሥራዎች ይጀምራሉ። አንዱ ጎረቤት ጀርሞችን የሚገድል መርዝ ማውጣት ነው። ሌላው ከሞቱት ጎረቤቶች የፈሰሰውን የዘር ቅንጣት ወደ ራሳቸው ማስገባት ነው። የካናዳ ተመራማሪዎች በ2001 እንደገለጹት፣ በሽፋን ውስጥ የሚኖሩት ሚውታንሶች የሌላውን የዘር ቅንጣት የሚቀበሉበት መጠን በፈሳሽ ውስጥ ተበታትነው ከሚኖሩት ከ10 እስከ 600 ጊዜ ይበልጣል። በዚህ መንገድ ጀርሞቹ አዲስ ጠባይ ሊያገኙ ይችላሉ።

እንግዲህ በጥርስ ላይ ለቀናት ሳይነካ የቆየ ሽፋን በውስጡ ያሉት የበዙበት፣ የተጠጋጉበትና የተደራጁበት መንደር ነው። ጥርስ መቦረሽ ማለት ትንፋሽን ማሳመር ብቻ እንዳልሆነ የምንረዳው እዚህ ላይ ነው። ብሩሹ መንደሩን ያፈርሳል፤ ነዋሪዎቹን ይበትናል፤ ቁጥራቸውንም ይቀንሳል። ከአፍ ውስጥ ጨርሰው አይጠፉም፤ ወዲያውም ተመልሰው መሰባሰብ ይጀምራሉ። በየቀኑ መቦረሽ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ሊቃውንቱ የጀርሞቹን ጥሪ የሚያቋርጥ መድኃኒት ለማግኘት እየጣሩ ቢሆንም፣ ሥራው ገና በምርምር ላይ ነው። እስከዚያው በእጃችን ያለው መድኃኒት ብሩሽና የሰዓት ሥርዓት ነው።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

1ኛ/ ጣፋጭ ነገር የግድ የሚሰጥ ከሆነ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ይሰጥ። በዚያን ጊዜ ምራቅ በብዛት ስለሚወጣ አሲዱን ቶሎ ያለዝበዋል። በምግቦች መካከል ለሚጠማ ልጅ የሚሰጠው ንጹሕ ውሃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂም ለልጅም ከምግብና ከመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም ጭምር፣ በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል።

2ኛ/ ሕፃን በአፉ ጡጦ ይዞ አይተኛ። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ስኳር ያለው ሻይ፣ ጭማቂ ወይም ወተት በጥርሱ ላይ እንደቆመ ያድራል፤ ጀርሞቹም ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ ያድራሉ። ብዙ ጊዜ በሕፃናት ላይ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ቀድመው የሚበሰብሱት በዚህ ምክንያት ነው።

3ኛ/ የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለችበት ቀን ጀምሮ ጽዳት ይጀመር። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር አካባቢ ነው። ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ከሌለ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ማጽዳት ይቻላል። ጥርስ የሚቦረሸው በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት መሆን አለበት። ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሆነው ድረስ እጁ ስለማይጠና ትልቅ ሰው ይርዳው።

4ኛ/ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት ይሁን። ፍሎራይድ ኢናሜልን ከማጠንከሩም በላይ፣ ወደ ጀርሙ ገብቶ ስኳር የመሰባበር ሥራውን ያሰናክላል። ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃዋለች። ልጁ አረፋውን ይትፋ እንጂ አይዋጥ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። በዚያ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ያለበት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚህ የሚበልጥ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል። በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ የታየው የጥርስና የአጥንት ጉዳት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚኖር ሰው ስለሚጠጣው ውሃና ስለ ሳሙናው ጤና ጣቢያውን ይጠይቅ።

5ኛ/ መፋቂያ የለመደ ሰው አይተወው። ጫፉን አኝኮና አለስልሶ፣ ድዱን ሳያቆስል፣ የመንጋጋ ጥርሶቹን ጀርባ ጭምር ከፋቀበት ሽፋኑን ያስለቅቃል። የፊት ጥርስን ብቻ አንጽቶ መንጋጋን መርሳት ግን ልፋት ነው።

6ኛ/ ሚውታንስ ከሰው ወደ ሰው በምራቅ ይተላለፋል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከእናቱ ወይም ከሚያሳድገው ሰው ነው። ስለዚህ ምግብን አላምጦ ማጉረስ፣ ማንኪያውን ቀምሶ በዚያው ማብላት፣ የወደቀ የጡጦ ጫፍን በአፍ አጥርቶ መስጠት መቅረት ያለባቸው ልማዶች ናቸው። የራሷን የበሰበሰ ጥርስ ያሳከመች እናት ልጇንም ትጠብቃለች።

«ይነቀላል» ለሚሉ

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ልጁ በእነርሱ ያኝካል፤ በእነርሱ አፉን ይፈታል፤ ከሥራቸው ለሚመጡት ቋሚ ጥርሶችም ቦታ ይዘው ይቆያሉ። ያለጊዜው የወደቀ መንጋጋ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ እንዲያጋድሉ ያደርጋል። መግል የቋጠረ የወተት ጥርስ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ሕመሙም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጥርሱን የሚያመው ልጅ በደንብ አይበላም፤ በደንብ አይተኛም፤ ከክፍልም ይቀራል። ጥርሱ በጊዜው ወልቆ ወደ ጣራ እስኪወረወር ድረስ ጤነኛ ሆኖ መቆየት አለበት።

ስለሆነም እናቶችና አባቶች በወር አንድ ጊዜ የልጃቸውን ከንፈር ቀና አድርገው በብርሃን ይመልከቱ። ከድዱ አጠገብ ኖራ የመሰለ የነጣ መስመር ከታየ፣ ይህ የመበስበስ የመጀመሪያው ምልክት ነው። በዚህ ደረጃ ገና ቀዳዳ የለም፤ ስኳሩ ከተራራቀና ጥርሱ በፍሎራይድ ሳሙና ከተቦረሸ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ወይም ጥቁር ቀዳዳ ከታየ ግን ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ነው። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይወሰድ።

በመጨረሻም ከቤት ውጭ ለሚሠሩ እናቶች አንድ ቃል አለን። ልጁን ለአያቱ፣ ለሞግዚት ወይም ለጎረቤት ትቶ የሚሄድ ሰው በየሰዓቱ የሚቀምሰውን ሊቆጣጠር አይችልም። ልጁ ሲያለቅስ ከረሜላ የሚሰጡት እማማም በፍቅር እንጂ በክፋት አያደርጉትም። ስለዚህ ጉዳዩን በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት መጨረስ ይሻላል። «ጣፋጩ ከምሳ ጋር አንድ ጊዜ ይሁንለት፤ በመካከል ውሃ ይጠጣ፤ ጡጦ ይዞ አይተኛ» የሚሉት ሦስት ነገሮች ለማንም አይከብዱም። ማታ ከመኝታ በፊት የሚደረገው መቦረሽ ደግሞ የወላጆች ድርሻ ነው፤ አባትም ሊሠራው የሚችል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።